ዓሣዋ ሴት ናት!

እስቲ በአንድ ዜና እንጀምር። ጊዜው ጁን 2023 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ሞርሄድ ሲቲ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ። በየዓመቱ «ቢግ ሮክ» የሚባል ውድድር ይካሄድባታል፤ ብሉ ማርሊን የተሰኘውን ግዙፍ የውቅያኖስ ዓሣ የማጥመድ ውድድር። በመጨረሻው ቀን «ሴንሴሽን» የምትባል ጀልባ አንድ ማርሊን ይዛ ገባች። ሰዎቹ ስድስት ሰዓት ያህል ታግለውታል። ሚዛን ላይ ሲሰቀል 619.4 ፓውንድ ሆነ፤ በኛ 281 ኪሎ። በዚያ ሳምንት የተመዘኑትን ሁሉ አስከነዳ። የሚያስገኘው ገንዘብ ደግሞ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ!

ደስታው ግን አልበረከተም። ዳኞቹ የዓሣውን ገላ መረመሩና ሻርክ ነክሶታል አሉ። በደንቡ መሠረት ጀልባ ላይ ሳይወጣ በሌላ አውሬ የተነከሰ ዓሣ አይቆጠርም። የቆሰለ ዓሣ በሙሉ ጉልበቱ አይታገልም፤ ስለዚህ ፍልሚያው ፍትሐዊ አይደለም ነው ነገሩ። ሴንሴሽን ተሰረዘች። አሸናፊነቱ 484.5 ፓውንድ (220 ኪሎ ገደማ) ለመዘነ ዓሣ፣ «ሱሺ» ለምትባል ሌላ ጀልባ ሆነ።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! ግማሹ ዳኞቹን ረገመ፣ ግማሹ ሻርኩን። የጀልባዋ ሰዎች ይግባኝ አሉ። ስለ ደንቡ፣ ስለ ዶላሩ፣ ስለ ሰዎቹ ድካም ያልተባለ ነገር የለም። ስለ ዓሣው ግን ከክብደቱና ከቁስሉ በቀር የተነገረ ነገር አላየሁም። ጋዜጠኝነት ስንማር ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ጭንቅላታችን ውስጥ የሚቀረጹ ስድስት ጥያቄዎች አሉ፤ ማን? ምን? የት? መቼ? እንዴት? ለምን? አንድ ዜና ከነዚህ አንዱን ከዘለለ እዚያ ጋ የተደበቀ ነገር አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። በዚህ ዜና የተዘለለው ደግሞ የመጀመሪያው ነው። ማን ተያዘ?

ነገሬን ከወዲሁ ላሳጥረው። ትልልቅ የባሕር ዓሦችን በዘንግና በክር መያዝ ከባድ ፈተና መሆኑን አልክድም። የማልቀበለው በፈተናው ስም የሚሸጥልንን ተረት ነው። ሰው ከተፈጥሮ ጋር ብቻ ለብቻ ገጥሞ አሸነፈ የሚለውን ተረት። ዓሣ ገድሎ፣ በጭራው ሰቅሎ፣ በኪሎ መዝኖ የሚሸልም ውድድር መቅረት አለበት እላለሁ። ለምን? ተከተሉኝ።

ማን ተያዘ?

ባሕር ለሌለን ለኛ ማርሊንን ላስተዋውቃችሁ። የላይኛው መንጋጋው እንደ ጦር የሾለና የረዘመ፣ ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ነጭ፣ በሞቃታማ ውቅያኖሶች በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አዳኝ ዓሣ ነው። መንጠቆ ሲይዘው ከውኃው በላይ እየዘለለ ጭንቅላቱን የሚወዘውዘው፣ ፊልም ላይ ያያችሁት እሱ ነው። አጥማጆች ከ1,000 ፓውንድ (454 ኪሎ) በላይ የሚመዝነውን «ግራንደር» ይሉታል። አንድ ግራንደር ለመያዝ ዕድሜውንና ሀብቱን የጨረሰ ሰው ሞልቷል።

አሁን የተዘለለውን እንሙላ። በማርሊን ዘንድ ሴቷ ከወንዱ እጅግ ትበልጣለች። ወንድ ብሉ ማርሊን ከ160 ኪሎ ማለፉ ብርቅ ነው። ሴቷ ግን የዚያን ሦስትና አራት እጥፍ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ግራንደር ማለት በሌላ አነጋገር አዋቂ ሴት ማርሊን ማለት ነው። ያቺ ባለ 281 ኪሎዋም፣ ያቺ ሻርክ የነከሳትና 3.5 ሚሊዮን ዶላር «ያሳጣችው»፣ ወንድ ናት ብሎ የሚወራረድ ባዮሎጂስት አታገኙም። በየወደቡ በጭራዋ ተሰቅላ፣ ሰውዬው ከጎኗ ደረቱን ነፍቶ ፎቶ የሚነሳባት «ጭራቅ» እናት ናት። በአንድ የመራቢያ ወቅት ሚሊዮኖች እንቁላል የምትጥል እናት።

እዚህ ላይ ቋንቋችንም ያሳስተናል። አማርኛ ትንሹንና የሚያሳሳውን ነገር «እሷ» ማለት ይወዳል፤ ግዙፉንና የሚያስፈራውን ደግሞ «እሱ»። እኔ ራሴ ከላይ ዜናውን ስነግራችሁ «ታግለውታል»፣ «ነክሶታል» እያልኩ ነው የመጣሁት፤ ማናችሁም አልቆረቆራችሁም። ሦስት መቶ ኪሎ የሚጠጋ፣ ባለ ጦር አዳኝ «እሷ» መሆኗ ጆሯችን አይዋጥለትም።

የቋንቋችን ችግር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ብዙዎቻችን ስለ ማርሊን የምናውቀው ከኧርነስት ሄሚንግዌይ ነው። በ1952 የታተመችው የሽማግሌውና የባሕሩ ታሪክ ቀጭን ስለሆነች እንግሊዝኛ ልናሻሽል ስንል ሁላችንም እናነባታለን። ሽማግሌው ሳንቲያጎ 84 ቀን ዓሣ ሳይዝ ቆይቶ አንድ ማርሊን ይይዛል። ርዝመቷ 18 ጫማ፣ አምስት ሜትር ተኩል ማለት ነው። ክብደቷን ከ1,500 ፓውንድ በላይ ብሎ ይገምታል። ታዲያ መጽሐፉን በሙሉ «እሱ» እያለ፣ «ወንድሜ» እያለ ነው የሚያናግራት። በባዮሎጂ ከሄድን ግን ያ ወንድም እህት ነው! ሄሚንግዌይ በ1953 ፑሊትዘር፣ በ1954 ኖቤል ሲሸለም ይህንን ያነሳበት ሰው የነበረ አይመስለኝም።

«አሁን ደግሞ ለዓሣም ፌሚኒዝም መጣ» የምትሉኝ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። በሉ ግድ የለም። ግን የጾታ ጉዳይ አይደለም ብቻ። አውስትራሊያ ውስጥ ከኬርንስ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከታላቁ የኮራል አለት ዳርቻ፣ የዓለም ዝነኛ የብላክ ማርሊን ማጥመጃ አለ። ዝናው የጀመረው በ1966 ጆርጅ ብራንስፎርድ በሚባል ሰው ጀልባ ላይ 1,064 ፓውንድ የመዘነች ከተያዘች በኋላ ነው። ወቅቱ ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር ሲሆን የትልልቆቹ ወቅት ይባላል። ትልልቆቹ በዚያ ሰሞን እዚያ ምን ሊሠሩ ይሰበሰባሉ? እንቁላል ሊጥሉ! አዳኙ የሚጠብቃቸው ማዋለጃ ክፍላቸው በር ላይ ነው ማለት ነው።

ማን ያዘ?

ሁለተኛው ጥያቄ የያዘው ማነው የሚለው ነው። ፎቶው ላይ አንድ ሰው ነው ያለው። እውነታው ላይ ግን ብዙ ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ካፒቴኑ ከላይ ሆኖ ውኃውን ያነብባል፤ የቀለሙን ለውጥ፣ የሙቀቱን ልዩነት፣ የወፎቹን አዝማሚያ። ዛሬ ደግሞ ከውኃው በታች ያለውን ዓሣ የሚያሳይ ሶናር አለው። የጀልባው ሠራተኞች ማታለያዎቹን አዘጋጅተው ከኋላ ይዘረጋሉ። ጀልባዋ እየሄደች ትጎትታቸዋለች። ዓሣዋ ስትነክስ ክሩ ከማጠንጠኛው ላይ እየጮኸ በመቶ ሜትሮች ይተረተራል። በዚህ ጊዜ ነው ደንበኛው መድረክ ላይ የሚወጣው። ወለሉ ላይ የተተከለና የሚሽከረከር ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ «የትግል ወንበር» ይባላል። ማጠንጠኛው በቀበቶ ከወገቡ ጋር ይታሰርለታል። እግሩን ያስደግፋል። ማጠንጠኛው ፍሬን አለው፤ ዓሣዋ በጎተተች ቁጥር የሚያደክማት እሱ ነው። ከዚያ ካፒቴኑ ጀልባዋን ወደ ኋላ እየነዳ ያሳድዳታል፤ ከሺህ በላይ የፈረስ ጉልበት ባለው የናፍጣ ሞተር።

ሰውዬው አይደክምም አላልኩም። ይደክማል። እጁ ይዝላል፣ ወገቡ ይቆረጣል፣ ፀሐዩ ያቃጥለዋል። ግን ሂሳቡን እንተሳሰብ። በአንድ ወገን ወንበር፣ ቀበቶ፣ ፍሬን፣ ሞተር፣ ሶናር፣ ካፒቴን፣ ሠራተኞች፣ ቀዝቃዛ ውኃ። በሌላ ወገን አፏ ውስጥ ብረት የተሰካባት አንዲት ዓሣ። ይህንን «ሰው ከተፈጥሮ ጋር ያደረገው ግብግብ» ብሎ ዜና የሚጽፍ ጋዜጠኛ ኤዲተሩ ቢመልስለት ደስ ይለኝ ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አደገኛው ሥራ የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የደንበኛው አይደለም። ዓሣዋ ወደ ጀልባዋ ስትቀርብ የክሩን ጫፍ በጓንት እጁ ጠቅልሎ የሚይዘው ተቀጣሪው ነው። ዓሣዋ በዚያች ቅጽበት አንድ ጊዜ ከተወረወረች ክሩ እጁ ላይ ጠብቆ ይዞት ሊወርድ ይችላል። እንዲህ ተጎትተው ባሕር ውስጥ የሞቱ ሠራተኞች አሉ። ፎቶው ላይ ያ ልጅ ጥግ ላይ ቆሞ ቢታይ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይታይም።

የዓለም ሪኮርዱን ተመልከቱ። በኦገስት 1953 አልፍሬድ ግላሴል የተባለ የቴክሳስ የነዳጅ ባለሀብት ፔሩ ውስጥ ካቦ ብላንኮ ላይ 1,560 ፓውንድ፣ 707 ኪሎ የምትመዝን ብላክ ማርሊን ያዘ። ትግሉ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀ። በቀጣዩ ዓመት እዚያው ካቦ ብላንኮ ኪምበርሊ ዊስ የተባለች ሴት 1,525 ፓውንድ የምትመዝን ያዘች። ልዩነቱ 35 ፓውንድ ብቻ! የግላሴል ቀረጻ ለ1958ቱ የሄሚንግዌይ ፊልም ግብዓት ሆነ፤ የዊስን ስም ግን ስንቶቻችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አንድ ባለጸጋና አንዲት ሴት እኩል የሚሠሩትን ነገር የወንድ ጡንቻ ፈተና አድርጎ መተረክ ራሱ ያስቃል።

ሌላም ነገር አለ። ያ ሪኮርድ ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት አልተሰበረም። ጀልባው፣ ሞተሩ፣ ክሩ፣ ሶናሩ በሰባ ዓመት ውስጥ ስንት እጥፍ ተሻሽሎ ሳለ በስፖርቱ ደንብ ከእሷ የምትበልጥ አልተገኘችም። እኔ ብሆን ይህንን እንደ ጀብዱ ከማክበሬ በፊት እንደ ጥያቄ አየው ነበር።

ፍትሐዊ ለማን?

ስፖርቱ ደንብ አለው። ዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር በ1939 ሲቋቋም ሐሳቡ ለዓሣው ዕድል እንስጠው የሚል ነበር፤ ሄሚንግዌይም ከቀደምት ምክትል ፕሬዚዳንቶቹ አንዱ ነበር። በደንቡ መሠረት ከአጥማጁ ሌላ ማንም ዘንጉን ወይም ማጠንጠኛውን ከነካ ዓሣው ለሪኮርድ አይበቃም። ጥሩ። ሺህ ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ግን ወደ ኋላ እየነዳ ሊያሳድዳት ይችላል። የጓደኛ እጅ ማጭበርበር ነው፤ የናፍጣ ሞተር ግን ፍትሐዊ ነው። ገባችሁ?

በዚህ ደንብ ብንሄድ ሳንቲያጎ ራሱ ሁለት ጊዜ ይሰረዛል። አንደኛ፣ ዘንግ የለውም፤ በባዶ እጁ ክር ነው የያዘው። ሁለተኛ፣ ሻርኮች በልተውበታል! የዚህ ስፖርት ሰዎች ሁሉ ነቢያቸው አድርገው የሚጠቅሱት ሽማግሌ በራሳቸው ሚዛን ላይ ቢቆም «ከውድድር ውጪ» ነው የሚባለው።

ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ሳንቲያጎ ስፖርተኛ ስላልነበረ ነው። ድሃ ነበር። ዓሣ የሚይዘው ሸጦ ሊበላ ነው። ሄሚንግዌይ የታሪኩን ፍሬ አስቀድሞ በ1936 «ኤስኳየር» መጽሔት ላይ በአጭሩ ጽፎት ነበር፤ በታንኳ ብቻውን ወጥቶ የያዘውን ማርሊን ሻርኮች ስለበሉበት አንድ የኩባ ሽማግሌ። ልብ ወለዱ ውስጥ ደግሞ አንድ ሰው የማያስታውሰው ቦታ አለ። ሳንቲያጎ ከዓመታት በፊት ከጥንድ ማርሊኖች ሴቷን ይዞ፣ ወንዱ ከጀልባዋ አልለይ ብሎ እንደተከተላት ያስታውሳል። በማርሊኖች ላይ ካያቸው ነገሮች ሁሉ አሳዛኙ ይህ እንደሆነ ይናገራል። ይቅርታዋንም ጠይቆ ነው ያረዳት። ድሃው እየገደለ ይቅርታ ይጠይቃል። ባለ ጀልባው እየገደለ ዋንጫ ይጠይቃል። ስፖርቱ የድሃውን ታሪክ ተውሶ ለብሶ ነው የሚፎክረው። ሳንቲያጎ ዛሬ የት ነው ካላችሁኝ፣ ያ በጓንት እጁ ክር የሚጠቀልለው ተቀጣሪ ነው።

ገንዘቡ ሲገባበት ደግሞ ፍትሐዊነቱ ምን እንደሚመስል እዩ። አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የኛ ሰዎች በብዛት በሚኖሩበት ግዛት፣ ኦሽን ሲቲ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ «ኋይት ማርሊን ኦፕን» የሚባል ውድድር አላት። በ2016 ዓመቱን ያሸነፈው ዓሣ 76.5 ፓውንድ፣ 35 ኪሎ ገደማ ነበር። ከግራንደር አንጻር ሕፃን ነው። የሚያስገኘው ግን 2.8 ሚሊዮን ዶላር። ታዲያ አሸናፊዎች የሐሰት መመርመሪያ ማሽን ላይ መቀመጥ አለባቸው። አዎ፣ በትክክል አነበባችሁ፤ ፖሊስ ተጠርጣሪ የሚመረምርበት ማሽን! ሰውዬው ምርመራውን አላለፈም ተባለ፤ ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ2017 ዳኛው ገንዘቡ አይገባውም ብለው ወሰኑ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን አይተው ሳይሆን አይቀርም። ባሕር ላይ ከራሱ ጋር ሊፋለም ወጣ የተባለ ሰው መሬት ሲወርድ ጣቱ ላይ ሽቦ ካልታሰረ የማይታመን ከሆነ፣ ፈተናውን የወደቀው ማነው?

«አዎ፣ ግን…»

አሁን ለተቃራኒው ወገን ጆሮ እንስጥ። ያለ እሱ ክርክር አይሆንም።

የመጀመሪያው መልስ «ማርሊንን የጨረሰው የኛ ዘንግ ሳይሆን የንግድ መርከብ ነው» የሚል ነው። እውነት ነው። በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች በሚረዝም ገመድ ላይ በሺህ የሚቆጠር መንጠቆ ዘርግተው ቱናና ሰይፍ ዓሣ የሚያጠምዱ መርከቦች ሳይፈልጉትም ብዙ ማርሊን ይገድላሉ። የአትላንቲክን ቱናና መሰሎቹን የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን በ2018 ባደረገው ግምገማ የአትላንቲክ ብሉ ማርሊን ከመጠን በላይ ተጠምዷል ብሏል፤ ዋናው ተጠያቂም ስፖርተኛው አይደለም። ግን ይህ መልስ የሚመስለው «ጎረቤቴ ሙሉ ጎተራ ስለሰረቀ እኔ አንድ ቁና ብሰርቅ ምን አለበት» ማለትን ነው። ደግሞም መርከቡ ያገኘውን ነው የሚይዘው። የክብደት ሽልማት ግን መርጦ ትልቋን ነው የሚፈልገው፤ አብዝታ የምትወልደዋን።

ሁለተኛው መልስ «እኛ እኮ አብዛኛውን እንለቃለን» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው፤ ክብርም ይገባዋል። በአሜሪካ ከ1988 ጀምሮ የአትላንቲክ ማርሊን መሸጥ የተከለከለው፣ መዝናኛ አጥማጆች በአንድ ዓመት ገድለው ሊያስገቡ የሚችሉት ብሉና ኋይት ማርሊን ተደምሮ 250 ብቻ የሆነው፣ በውድድር ላይ የተፈጥሮ ማባበያ የሚጠቀም ሰው ከ2008 ጀምሮ ዓሣው ሆድ ውስጥ የማይገባና ከንፈር ላይ የሚይዝ ክብ መንጠቆ እንዲጠቀም የተገደደው ያለ አጥማጆቹ ግፊት አይደለም። ግን እንጠይቅ። መቶውን ለቅቃችሁ አንዷን የምትሰቅሉ ከሆነ፣ የምትሰቀለው የቷ ናት? ትልቋ! ወንዶቹንና ልጆቹን እየለቀቁ እናቲቱን መርጦ መግደል ጥበቃ አይባልም።

ሦስተኛው መልስ «ሥጋው ይበላል» የሚል ነው። ይበላ ይሆናል። ግን የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት እንዳይበሏቸው ከሚመክራቸው ዓሦች አንዱ ማርሊን ነው፤ ሜርኩሪ ስለሚበዛበት። እናቲቱን ገድለን ሥጋዋን ለእናት መስጠት የማንችል ሆነን ተገኘን።

አራተኛው ደግሞ በሹክሹክታ የሚነገረው ነው፤ «ወንድ ልጅ ከአውሬ ጋር መጋጠም በደሙ ያለ ነው»። ይህማ ለኛ አዲስ አይደለም። አንበሳና ዝሆን የገደለ ሰው «ገዳይ» ተብሎ የተዘፈነለት፣ ቅቤ የተቀባለት፣ በየድግሱ «ዘራፍ!» እያለ የፎከረበት አገር ልጆች ነን። ዛሬ አንበሳ ያልገደለ ጎረምሳ ሚስት ሲከለከል አይታችኋል? ያ ወግ ሲቀር ወንድነት አብሮ አልተቀበረም። የቀረው አንበሳው ነው፤ እሱም በጣት የሚቆጠር ሆኖ።

ታዲያ ምን ይሁን?

ማጥመድ ይቅር አላልኩም። ለእንጀራው የሚያጠምደውን ሰው ዘንግህን ጣል የምል ቅንጡ አይደለሁም። ለደስታው የሚያጠምደውንም ባሕሩን ተው አልልም። የምለው ሚዛኑ ይውረድ ነው። መስቀያው ይነቀል። ሽልማቱ በኪሎ መሆኑ ይቅር።

ይቻላል ወይ? እየተደረገ ነው እኮ! ሃቫና ላይ በራሱ በሄሚንግዌይ ስም የሚካሄደው ውድድር ዛሬ ነጥብ የሚሰጠው ዓሣው በሕይወት ሲለቀቅ ነው። ኬርንስ ላይ፣ ያቺ «ማዋለጃ ክፍል» ያልኳችሁ ቦታ፣ ከሚያዙት ግዙፍ ማርሊኖች አብዛኞቹ መለያ ተደርጎባቸው ወደ ውኃው ይመለሳሉ። ክብደታቸው በግምት ይነገራል፤ ማንም አልሞተም፤ ጀልባዎቹም አልከሰሩም። ዓለም አቀፉ ማኅበርም ከ2011 ጀምሮ ርዝመቱ ተለክቶ በሕይወት ለተለቀቀ ዓሣ ሪኮርድ ይመዘግባል። ስለዚህ «ያለ ሚዛን ስፖርቱ ይሞታል» የሚለው ክርክር በተግባር ሞቷል።

እንዲያውም እውነተኛው ፈተና ያለው እዚህ ነው ባይ ነኝ። እስካሁን ጉብዝና ተብሎ የሚመዘገበው አንዱ ነገር ትልቅ ዓሣ በቀጭን ክር መያዝ ነው። ቀጭን ክር ማለት ረጅም ትግል ማለት ነው፤ ረጅም ትግል ማለት ደግሞ ዓሣዋ ጡንቻዋ በድካም ተመርዞ ብትለቀቅ እንኳ የመትረፍ ዕድሏ ይቀንሳል ማለት ነው። ጉብዝናውን እንገልብጠው። ጠንካራ ክር ይዘህ፣ ክብ መንጠቆ ተጠቅመህ፣ ቶሎ አቅርበህ፣ ከውኃ ሳታወጣ መንጠቆውን ነቅለህ ስትለቃት፣ እሷም ጭራዋን አወዛውዛ ወደ ጥልቁ ስትወርድ፣ ያኔ ዋንጫውን ውሰድ። ሦስት ሚሊዮን ዶላር አፍንጫህ ሥር ተሰቅሎ ሳለ ሦስት መቶ ኪሎ ዓሣ መልቀቅ ከመግደል እጅግ ይከብዳል። ፈተና ፈላጊ ይኸው ፈተና!

ይህ ደግሞ የእኔ ግኝት አይደለም። ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ሕግ አለ። ጫጩቶቹን ልትወስድ ትችላለህ፤ እናቲቱን ግን ልቀቃት ይላል ነገሩ። ጥንታዊ ሕግ፣ ሶናርና ሳተላይት የሌለው እረኛ የገባው ሕግ ነው። እናት ከተረፈች ነገ አለ። እናትን ከያዝክ ያንተው የመጨረሻ ማዕድ ነው።

ጋዜጠኛ ለሆናችሁ ወይም ለመሆን ለምታስቡ ደግሞ አንድ አደራ አለኝ። በየዓመቱ ጁንና ኦገስት ሲመጣ ከነዚህ ወደቦች ፎቶ ይለቀቃል። አንድ ሰው፣ አንድ መስቀያ፣ አንድ ግዙፍ ዓሣ። ከሥሩም ስንት ኪሎ፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ዶላር። ተርጉማችሁ ስታወጡት ስድስቱን ጥያቄዎች ጠይቁ። የመጀመሪያውን አትዝለሉ። ቢያንስ ቢያንስ «ያዘው» ብላችሁ አትጻፉ።

«ያዛት» በሉ። ያኔ አንባቢው ራሱ ቀሪውን ይጠይቃል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቸር እንሰንብት።